መብራት ሲመለስ የማይነሣው ኮምፒውተር

በክረምቱ መግቢያ፣ በነፋስ ስልክ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ፣ ከብዙ ሰዓት ጨለማ በኋላ መብራት መጥቶ የጎረቤቱ አምፖል ሁሉ ሲበራ የዚያ ቤት ኮምፒውተር ብቻ ዝም ስላለ፣ ባለቤቲቱ «መብራቱ ማዘርቦርዱን በልቶታል፤ የደንበኞችሽም ጽሑፍ አብሮ ሄዷል» የሚል ፍርድ ተነግሯት በኀዘን ተቀምጣ አገኘኋት። ፍርዱን የሰጠው ሰው የሳጥኑን ክዳን እንኳ አልፈታም ነበር። ያለ ምርመራ የሚነገር እንዲህ ያለ የሞት ዐዋጅ ከላፍቶ እስከ ሳሪስ እየተደጋገመ፣ ሊድን የሚችል መሣሪያ ሲጣልና በላቡ የሚያድር ሰው ገንዘቡን ሲከስር ማየት ስላስመረረኝ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ ተነሣሁ።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር ፈትኑ፤ ዲቫይደሩን ትታችሁ ገመዱን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩ፤ ከሳጥኑ በስተኋላ ያለችው ማብሪያ መከፈቷን እዩ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ከሆነና ቀይ የቮልት መምረጫ ካለው፣ መምረጫው ለሀገራችን 220 ቮልት በ230 ላይ መቆም ይገባዋል። ማራገቢያው እየዞረ ምስል ብቻ ከጠፋ ግን ሕመሙ ሌላ ነው፤ የዛሬው ነገሬ ምንም ትንፋሽ ስለሌለው ነው።

ብዙ ሰው የኮምፒውተር ቁልፍ እንደ አምፖል ማብሪያ መስመሩን የሚያገናኝ ይመስለዋል። ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ኤቲኤክስ የተባለውን ሥርዐት ካወጣ ወዲህ ግን የቁልፉ ሥራ መጥራት ብቻ ሆኗል። «ጠፍቷል» በምንልበት ሰዓት እንኳ፣ ሶኬቱ እስከተሰካ ድረስ፣ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ በሚያድለው በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ አንድ ታናሽ ክፍል፣ ሌሎች ሲተኙ ማኅሌት እንደሚቆም ካህን፣ ነቅቶ ለማዘርቦርዱ 5 ቮልት ያቀርባል፤ ማዘርቦርዱም የቁልፉን ጥሪ ሲሰማ በአረንጓዴው ሽቦ በኩል የፓወር ሰፕላዩን ታላቅ ክፍል ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ታናሹ ክፍል ከደከመ ጥሪውን የሚሰማ የለም፤ ሌላው አካል ሁሉ ጤነኛ ቢሆንም ኮምፒውተሩ በድን ይመስላል።

ይህን ክፍል የሚያደክመው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተር ነው። ገመድ አልባውን መልእክት «ነፋስ ስልክ» ብለው የሰየሙ፣ ስሙንም ለሰፈራችን ያወረሱ አባቶች ለዚህ ዕቃ ስም ቢያወጡለት ምንኛ በወደድኩ፤ ጠጋኞቻችን ግን ካፓሲተር ስለሚሉት እኔም በዚያው እጸናለሁ፤ ግብሩን ግን ጎረቤታችን የጎተራ ሰፈር በስሙ ያስረዳናል። ከግድግዳው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ በየመካከሉም ባዶ ቅጽበት ስላለ፣ ካፓሲተሩ በጥጋብ አጠራቅሞ በረሃብ ያበላል። የታላቁ ክፍል ጎተራ ኮምፒውተሩን ያለ መብራት የሚያቆየው ለ17 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ ይህም ከአንድ ሙሉ ምልልስ፣ ከ20 ሚሊ ሰከንድ፣ ያነሰ ነው።

ጎተራው የተሠራው አብረው ከተጠቀለሉ የአሉሚኒየም ቅጠሎችና ፈሳሽ ከጠጣ ወረቀት ነው፤ ፈሳሹም በሙቀት ቀስ በቀስ ይተናል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ሌሊትና ቀን የማያርፈው ታናሹ ክፍል በአቧራ በታፈነ ሳጥን ውስጥ አስቀድሞ የሚደርቀው ስለዚህ ነው።

ምሥጢሩም እዚህ ላይ ነው። ታናሹ ክፍል ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያውን ስንቅ የሚያገኘው በጠባብ መንገድ በጥቂት በጥቂቱ ከምትሞላ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ግን ራሱን በራሱ ይመግባል። ይህች ካፓሲተር ከደረቀች የተነሣው እንዳለ ይቀጥላል፤ የቆመው ግን አይነሣም። ባትሪው የደከመበት የታክሲ ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ማቆም ግድ ሲሆንበትም ቁልቁለት ይፈልጋል፤ ሜዳ ላይ ያጠፋው ዕለት ግን የሚገፋው ሰው መለመኑ አይቀርም። ኮምፒውተርም ለወራት ታሞ ሳለ ሶኬቱ ስላልተነቀለ ብቻ ጤነኛ ይመስላል፤ መብራት የሄደ ዕለት ግን የተሰወረው ሕመም ይገለጣል፤ ሰዎችም ገላጩን እንደ ገዳይ ይከሱታል።

መብራት ፈጽሞ አይጎዳም ማለቴ እንዳይደለ ይታወቅልኝ። መብራት ሲመለስ የሰፈሩ ማቀዝቀዣና ምጣድ ሁሉ በአንድነት ስለሚነሣ ቮልቱ ይዋዥቃል፤ በድንገት ሲያሻቅብም ፊውዝን፣ አልፎ አልፎም ማዘርቦርድን ያቃጥላል። ያበጠ ካፓሲተር የታመመ ነው፤ ያላበጠው ሁሉ ግን ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም። በሙያችን መካከልም ክርክር አለ፦ አንዳንዱ ካፓሲተሯን ብቻ ለውጥ ይላል፤ ሌላው ሙሉውን ፓወር ሰፕላይ። እኔ መለኪያና ልምድ ለሌለው ሰው ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ 310 ቮልት ያህል ሊቆይ ስለሚችል ማንም በየዋህነት እንዳይከፍተው አስጠነቅቃለሁ።

መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስም እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ካልተነሣም፣ ሞቷል ከማለት በፊት፣ ጤናው የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ በውሰት ይሞከርለት፤ ጽሑፉ የሚኖረው በሃርድ ዲስኩ ውስጥ ነውና የአንዱ ድካም የሌላው ጥፋት አይደለም። ለዚያችም ሴት ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ማራገቢያው ዞረ፤ የደንበኞቿ ጽሑፍ ሁሉ በነበረበት ተገኘ፤ ከማለዳ ጀምሮ ማመልከቻቸውን ሲጠብቁ የዋሉ አንድ ሽማግሌም ወረቀታቸውን ተቀብለው መርቀዋት ወጡ።