ሰው ሁሉ የሚሰፍርበት መዝገብ

ህንድ ነጻ ከወጣች በኋላ ለመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ የመራጮች መዝገብ ስታሰናዳ፣ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሴቶች ስማቸውን ሳይናገሩ ቀሩ። በሰሜኑ የአገሪቱ ገጠር አንዲት ባለትዳር ስሟን ለማታውቀው ወንድ መንገር ነውር ነበር። «የእገሌ ሚስት»፣ «የእገሌ እናት» ተብለው እንዲጻፉ ጠየቁ፤ ብዙ መዝጋቢዎችም እንዳሏቸው ጽፈው አለፉ። ዋና የምርጫ ኮሚሽነሩ ሱኩማር ሴን ግን ይህን አልተቀበሉም። የጎደለው ስም እንዲሞላ አዘዙ፤ ሳይሞላ የቀረው ተሰረዘ። ሕዝብ ሁሉ ለምርጫው ተጋብዞ ሳለ ይህን ያህል ሴት ከበር ተመለሰ።

ሁለንተናዊ የመምረጥ መብት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን በሕገ መንግሥት ላይ የሰፈረ አንድ አንቀጽ ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ ዜጋ ሁሉ በሀብት፣ በፆታ፣ በትምህርት፣ በሃይማኖትም ሆነ በዘር ሳይለይ ይመርጣል፤ የአንዱም ድምፅ ከሌላው እኩል ይቆጠራል። የኋለኛው ቁም ነገር ቶሎ ይረሳል። ብሪታንያ ሴቶችን በመምረጥ መብት ከወንዶች ጋር ያስተካከለችው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ ነገር ግን የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንና በሌላ ሰፈር የንግድ ቤት ያላቸው ሰዎች ከአንድ በላይ ድምፅ መስጠታቸው የቀረው በ1948 በወጣ ሕግ ነበር። ኒውዚላንድ ማኦሪዎችን ጨምሮ ሴቶች ሁሉ እንዲመርጡ የፈቀደችው በ1893 ነው። አሜሪካ በ1870 በዘር ምክንያት ማንም ድምፁን እንዳይነፈግ በሕገ መንግሥቷ ብትደነግግም፣ በደቡብ ግዛቶቿ የንባብ ፈተናና የምርጫ ግብር ጥቁሮችን ከመዝገብ ውጭ አድርገው ቆይተዋል። እነሱን የሚጠብቅ ጠንካራ የፌዴራል ሕግ እስኪመጣ 1965 ደርሷል። መብቱ በአንቀጽ ይታወጃል፤ የሚሰጠውም ሆነ የሚነጠቀው መዝገቡ ላይ ነው።

ለዚህም ነው የህንድ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ። እንግሊዞች በ1935 ባወጡት ሕግ መምረጥ የሚችለው ንብረት ያለው፣ ግብር የሚከፍል ወይም የተማረ ሰው ነበር፤ ብዙኃኑ ሕዝብ ውጭ ቀርቷል። ቢምራኦ አምቤድካር፣ «አይነኬ» ተብሎ ከተገፋው ማኅበረሰብ የወጡት የሕግ ሊቅ፣ ለአዋቂ ሁሉ የመምረጥ መብት ይሰጥ ብለው ከብሪታንያ ለመጣው ኮሚሽን የተከራከሩት በ1928 ነው። በወቅቱ ያልተማረ ሕዝብ እንዴት ይመርጣል የሚል ተቃውሞ በየአቅጣጫው ይሰማ ነበር።

ነጻነቱ በነሐሴ 1947 ሲመጣ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ ሚሊዮኖች ድንበር ተሻግረው ተሰደዱ። የሕገ መንግሥት ጉባኤው ጽሕፈት ቤት የመራጮችን መዝገብ ማሰናዳት የጀመረው በዚያ ትርምስ መካከል፣ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ከመጽደቁ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ማን ዜጋ እንደሆነ በሕግ ገና አልተወሰነም። መጠለያ ውስጥ ያለ፣ ቤቱንም ሰነዱንም ጥሎ የመጣ ስደተኛ በየትኛው ቀበሌ ይመዝገብ? ውሳኔው ያስደንቃል፦ በዚህ ከተማ ወይም በዚህ መንደር ለዘለቄታው መኖር እፈልጋለሁ ብሎ ቃሉን ከሰጠ ይበቃል፣ ይመዝገብ። የመንግሥት ጸሐፊዎች በቅኝ ግዛት ዘመን የለመዱት የሚገባውን ከማይገባው መለየት ነበር፤ አሁን ማንም እንዳይቀር መፈለግ ሥራቸው ሆነ። ከ173 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ።

እንግዲህ የነዚያ 2.8 ሚሊዮን ሴቶች መሰረዝ የሚያሳዝነው ይህን ያህል በሩ በተከፈተበት ጊዜ በመሆኑ ነው። በእኛም መንደር «የእገሌ እናት» ተብላ በክብር የምትጠራ ሴት ሞልታለች፤ መጠሪያው የፍቅር ነው። መዝገብ ላይ ግን ባሏ ወይም ልጇ ባለመብት ሆኖ እሷ ጥገኛ ትሆናለች፤ አንዷን ከሌላዋ ለይቶ ማጣራትም አይቻልም። ስለዚህ ሴን በመርሁ ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ዕዳውን የከፈሉት ግን ስሙን አግባብቶ መጠየቅ የነበረባቸው መዝጋቢዎች አልነበሩም፤ ሴቶቹ ናቸው። ሴት መዝጋቢ ተልካ ቢሆን ኖሮ ስንቷ ስሟን ትናገር ነበር? ለሁለተኛው ምርጫ ብዙ ሴቶች በራሳቸው ስም ተመዝግበዋል።

ድምፅ አሰጣጡም ቢሆን ማንበብ ለማይችል ሰው የተበጀ ነበር፤ በጊዜው ከአምስት ሰው አራቱ ፊደል አልቆጠረም። እያንዳንዱ ዕጩ የራሱ ምልክት የተለጠፈበት ሳጥን ነበረው፦ የኮንግረስ ፓርቲ ጥማድ በሬ፣ የሌላው ኩራዝ፣ የሌላው ጎጆ። መራጩ የዕጩ ስም ያልተጻፈበትን የድርሻውን ወረቀት ይዞ ወደ ተከለለው ስፍራ ይገባና በመረጠው ምልክት ሳጥን ውስጥ ይከታል። ጣቱ ላይ የማይለቅ ቀለም ይቀባል። ሁለት ሚሊዮን ያህል የብረት ሳጥን ተሠርቷል። ምርጫው ከጥቅምት 1951 እስከ የካቲት 1952 ወራት የፈጀ ሲሆን፣ በሂማቻል ፕራዴሽ ተራሮች በረዶው መንገድ ሳይዘጋ ብለው ቀድመው መርጠዋል። ከተመዘገበው ሕዝብ ድምፁን የሰጠው ወደ 46 በመቶ ነው። ሴን ከዚያ በኋላ ሱዳን ተጠርተው የ1953ቱን ምርጫ መርተዋል። በምልክት መምረጥ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የኢሕአዴግን ንብ የማያስታውስ መራጭ የለም።

የኢትዮጵያ መዝገብም የራሱ ታሪክ አለው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት ወንድም ሴትም ሳይል ዕድሜው 21 የሞላ ኢትዮጵያዊ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ። የስዊዘርላንድ ሴቶች በፌዴራል ደረጃ መምረጥ የቻሉት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለሆነ የኢትዮጵያ ሴቶች በሕግ 16 ዓመት ይቀድሟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። ይሁንና ፓርቲ አልነበረም፤ የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት አባላት ይሾሙ የነበሩት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ ለመመረጥም ንብረት ያስፈልግ ነበር። መሬት የሌለው ገበሬ ባለመሬቱን መምረጥ ይችላል፣ ራሱ ግን መወዳደር አይችልም። መምረጥን ለሁሉ ሰጥቶ መመረጥን ለባለ ንብረት ማስቀረት መብቱን በግማሽ መስጠት ነው።

የህንድ መዝገብም ቢሆን ገና አልተጠናቀቀም። የመራጭ ዕድሜ ከ21 ወደ 18 ዝቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። እስር ቤት ያለ ሰው፣ ፍርድ ገና ያልተሰጠው እንኳ ቢሆን፣ እስካሁን ድምፅ አይሰጥም፤ በደቡብ አፍሪካ ግን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1999 እስረኞች እንዲመርጡ ወስኗል። በ2010 በተሻሻለው ሕግ ውጭ አገር የሚኖር ህንዳዊ በፓስፖርቱ ላይ በሰፈረው የህንድ አድራሻው መመዝገብ ተፈቅዶለታል፤ ድምፁን ለመስጠት ግን በአካል መገኘት አለበት። ዱባይ ወይም ኩዌት ከእኛ ልጆች ጎን የሚሠራው የህንዷ ኬረላ ግዛት ሰው ስሙ መዝገቡ ላይ ቢኖርም፣ በምርጫው ቀን ከአሠሪው ፈቃድና የአውሮፕላን ቲኬት ያስፈልገዋል።