የተራራችንን ስም ማን ይጻፈው?

አምባሰልን በጆሮው የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የዜማችን አራቱ ቅኝቶች ናቸው። አምባሰል ሲዜም አዲስ አበባም ይሰማል፣ ባሕር ማዶም ይሰማል። ተራራውን በእግራችሁ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ፤ የሐይቅ፣ የውጫሌና የግሸን ሰዎች።

ዛሬ ስለ ተራራ እንነጋገር። ተራራ በምን ይለያል? እንዴትስ ይወጣል? ስሙንስ ማን ይጻፈው?

አምባ ምንድን ነው?

አምባ ጎኑ ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው። እንዲህ የሆነው በምክንያት ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከመሬት ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ ወጣ። በምድሩ ላይ ፈሰሰ። ደግሞ ሌላው መጣና በላዩ ፈሰሰ። በመሶብ እንዳለ እንጀራ ተነባበረ። ቀዝቅዞም ጠነከረ። ከዚያ ወዲህ ዝናብና ወንዝ ለስላሳውን እየሸረሸሩ ወሰዱት፤ ጠንካራው ቀረ። ገደሉን ቀና ብላችሁ ስታዩ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የሚታያችሁ ያ ንብብር ነው።

ተራራ በምን ይለያል?

አንድ ጋራ ከአንድ ወገን ሲያዩት ሾጣጣ ነው። ዞረው ሲያዩት ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል። ስሙም እንደዚሁ ነው። የወዲህ ማዶ ሰው አንድ ስም ይሰጠዋል፣ የወዲያ ማዶ ሰው ሌላ ስም። ስለዚህ ጋራን ለማወቅ ከሁለት ወገን ማየት፣ ከሁለት ወገንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ካርታም ይረዳል። በአንድ ዓይነት የአገራችን ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በምድር ላይ 500 ሜትር ነው። በካርታው ላይ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ የከፍታ መስመር ይባላሉ። በአንድ መስመር ላይ ያለ ቦታ ሁሉ ከፍታው እኩል ነው። መስመሮቹ ከተራራቁ ቦታው ለጥ ያለ ነው። ከተጠጋጉ ዳገት ነው። ከተጣበቁ ገደል ነው።

እንግዲህ አምባ በካርታ ላይ ምን ይመስላል? ዙሪያው የተጣበቀ መስመር፣ መሃሉ ባዶ። ከሐይቅ በሰሜን ምዕራብ ያለውን ግሸንን በካርታ ብትፈልጉት ይኸው ነው፤ መስቀለኛ ቅርጹም ይለያል።

ሳያዩ የጻፉት

ግሸን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ይጠበቁበት የነበረ አምባ ነው። ይህ ወሬ ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ደረሰ። ጆን ሚልተን የሚባል የእንግሊዝ ባለ ቅኔ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1667 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ተራራ አነሣ። ግን የት አደረገው መሰላችሁ? ምድርን ለሁለት እኩል በሚከፍለው መስመር፣ በምድር ወገብ ላይ! ግሸን ከምድር ወገብ ከ1200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደ ሰሜን ይገኛል። ሚልተን ኢትዮጵያን አላያትም። የጻፈው ከሩቅ የሰማውን ነው።

ከእግሩ ሥር የሚኖር ገበሬ ቢጠየቅ ኖሮ በጣቱ ያሳየው ነበር። ግን ማን ጠየቀው? እሱስ ቢሆን በምን ይጻፈው?

ሲወጡ

መንገዱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ እንጂ እኛ አስተማሪዎቻችሁ አይደለንም። ይሁንና እንግዳ ይዛችሁ ስትወጡ ይህን አስታውሱ። ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። ብቻችሁን አትሂዱ። ውሃ፣ ቆሎ፣ ምርኩዝና ጋቢ ያዙ። በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል፤ መብረቅም አለ። የሐይቅ ውሃ ያለበት ቦታ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከዚያ 1000 ሜትር ወደ ላይ የወጣ ሰው 6 ዲግሪ ያህል ብርድ ይጨመርበታል። ሜዳ የለመደ እንግዳ ራሱን ካመመውና ካጥወለወለው፣ ጫፉ ቢቀርበውም ወደ ታች አውርዱት። ጋራው የትም አይሄድም።

ስሙን እንጻፍ

ስም ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሰው ከገደል ወድቆ እግሩ ቢሰበር፣ ርዳታ የሚጠራው በጋራው ስም ነው። ስሙ ሁለት ከሆነና ካልተጻፈ፣ ቃሬዛ የያዘው ሰው ወደ ሌላው ጋራ ይሄዳል። ደግሞም አገር የማያውቅ ካርታ ሠሪ መጥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል «ጋራ ነዋ!» ብትሉት፣ ጋራውን «ጋራ» ብሎ ጽፎ ሊሄድ ይችላል።

ፊደል የቆጠርነው የሌላውን ጽሑፍ ለማንበብ ብቻ አይደለም። እኛም የምናውቀውን ልንጽፍ ነው። ስለዚህ የዚህ ሳምንት መልመጃ ይህ ነው፦

1. ከደጃችሁ የሚታየውን ጋራ ስም ጻፉ።
2. በወዲያ ማዶ ምን እንደሚባል ጠይቁና ከጎኑ ጻፉ።
3. መውጫው በየት በኩል ነው? ውሃስ የት ይገኛል?
4. ስሙ ለምን እንደወጣለት በዕድሜ የገፉትን አባቶችና እናቶች ጠይቁ። የነገሯችሁን ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ጻፉ።

ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ጎን ለጎን አድርገን እናነባቸዋለን።