ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ እርምጃ እንዴት ይቆጥራል?

ማለዳ አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ ሦስት ሰዎች እንይ። አንዱ የደብረ ብርሃን መኪና እንዳያመልጠው ይሮጣል። ሌላው ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ በሰው መሀል ይሹለከለካል። ሦስተኛው «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ የሚጣራ የታክሲ ረዳት ነው። ሦስቱም ኪሳቸው ውስጥ ስልክ አለ፤ ማታ ስልኩ ስንት እርምጃ እንደሄዱ ይነግራቸዋል። የማንኛቸው ቁጥር ይታመናል?

ስልኩ እግር አያይም፤ የሚያውቀው መንቀጥቀጥን ነው። ውስጡ አክሰለሮሜትር የሚባል ቺፕ አለ። በቺፑ ውስጥ ደቃቅ የሲሊከን ቁራጭ በቀጫጭን ዘንጎች ተንጠልጥላለች። ሚኒባስ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ቋሚው ተሳፋሪ ወደ ፊት እንደሚንደረደር ሁሉ፣ ስልኩ ሲነቃነቅ ቁራጯም ከቦታዋ ፈቀቅ ትላለች። ፈቀቅ ባለች ቁጥር በአጠገቧ ካሉት ስስ ሳህኖች ጋር ያላት ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም ይለወጣል፤ ቺፑ የሚያነበው ይህን ለውጥ ነው።

ስንራመድ ሰውነታችን ከፍ ዝቅ ይላል፤ በተለመደው አካሄድ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ገደማ። ፕሮግራሙ የዚህን ሞገድ ጫፎች ይቆጥራል። አንድ ነጠላ ንዝረት ግን አያታልለውም፤ ብዙውን ጊዜ የተወሰኑ ተከታታይ እርምጃዎች እስኪያይ ይጠብቅና ያሳለፋቸውን ጨምሮ ይመዘግባል። የኮብልስቶን መንገድ ላይ የሚንገጫገጭ ታክሲ አብዛኛውን ጊዜ እንደ እርምጃ የማይቆጠረው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ግን ይቆጠራል፤ ረዳቱ ያልሄደውን ያገኛል።

ሯጩ ችግር የለበትም፤ ሞገዱ ትልቅና ወጥ ነው። የሚበደለው ተሸካሚው ነው። በግርግር መሀል ቆም፣ ጎተት፣ ዞር ሲል ሞገዱ ደካማና የተቆራረጠ ይሆናል። ቆጣሪው የእጅ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ጆንያ ያቀፈ እጅ አይወዛወዝም። ጉዳዩ ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የጆንያው ክብደት ጭራሽ አይመዘገብም። ባዶ እጁን የሚንሸራሸርና 50 ኪሎ የተሸከመ ሰው ለስልኩ እኩል ናቸው። ስለዚህ የእርምጃ ቁጥርን የልፋት መለኪያ ማድረግ፣ በተለይ በእንዲህ ያለ ሰፈር፣ አይዋጥልኝም።

የሰው አካሄድ የሚጠናበት ላቦራቶሪ ይህን ሁሉ አብጠርጥሮ ያያል። መገጣጠሚያ ላይ በሚለጠፉ አንጸባራቂ ኳሶችና ዙሪያውን በቆሙ ካሜራዎች የጉልበት መታጠፍን ይለካል፤ ወለል ውስጥ የተቀበረ ሰሌዳ የእግርን ግፊት ይመዘግባል። ነገር ግን እዚያ ቦይ መዝለል፣ ለጋሪ መንገድ መልቀቅ የለም፤ ደግሞም የሚታይ ሰው አካሄዱን ያሳምራል። ተመራማሪዎች አነስተኛ ቺፕ ወገብ ወይም ጭን ላይ አስረው ሰውን ለሳምንት ያህል ወደ ኑሮው የሚለቁት ለዚህ ነው። ጭን የተመረጠው በምክንያት ነው፦ ቺፑ የመሬትን ስበት ዘወትር ስለሚሰማው ታች የት እንደሆነ ያውቃል። ጭን ከተጋደመ ሰውየው ተቀምጧል፤ ቀጥ ካለ ቆሟል። ቀኑን በሙሉ የሚቀመጠው ሾፌርና የሚቆመው ረዳት እዚህ ላይ ይለያሉ።

አንዳንድ ስልኮች የአየር ግፊት መለኪያም ስላላቸው ዳገት ያውቃሉ፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳልና። በባሕር ጠለል የአንድ ሄክቶፓስካል የግፊት ለውጥ ወደ 8 ሜትር ከፍታ ነው፤ አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ግን ወደ 11 ሜትር ይጠጋል።

«በቀን 10,000 እርምጃ» የሚባለውስ? ከሐኪም ትእዛዝ አልመነጨም። አበበ ቢቂላ ለሁለተኛ ጊዜ ማራቶን ባሸነፈበት በ1964 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማግስት፣ በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ ለገበያ ባቀረበው እርምጃ ቆጣሪ ስም ላይ የሰፈረ ቁጥር ነው።

የራስዎን ስልክ ለመፈተን ከላምበረት ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ስልኩ ኪስዎ ውስጥ እንዳለ፣ 100 እርምጃ በአፍዎ እየቆጠሩ ይሂዱና ስልኩ ከጨመረው ጋር ያስተያዩ። ከዚያ ስልኩን ዘንቢል ውስጥ ከትተው፣ ቀስ እያሉ፣ በየአሥር እርምጃው እየቆሙ ይድገሙት።