ጋሽ፦ ከከተማው ከፍ ብሎ የሚሄድ ወንዝ

ከመተማ ተሻግሮ በገላባት በኩል ገዳሪፍ የዘለቀ ሰው ክረምት ላይ የሚሰማው ወሬ ሁሉ የመንገድ ነው። የሜዳው ዋልካ ዝናብ ከጠጣ ትራክተርም አያልፈውም፤ ለሥራ የወረደ የእኛ ሰው ጭቃው እስኪጠና ካለበት አይነቃነቅም። ወደ ሰሜን ተጉዞ ከሰላ ሲደርስ ግን ጨዋታው ይቀየራል። እዚያ የሚጠየቀው ስለ ጋሽ ነው፦ ሞላ ወይ? የት ደረሰ? የሚበላው ምሥራቁን ዳር ነው ወይስ ምዕራቡን?

ጋሽ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ መረብ ነው። ከአስመራ በስተደቡብ ካለው ደጋ ይነሣና የኤርትራንና የትግራይን ድንበር ይዞ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ሱዳን ሲገባ ታካ በሚባሉት ተራሮች ግርጌ ከሰላን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። እንደ ተከዜ ዓባይን ለመቀላቀል አይታደልም፤ ከከተማው በስተሰሜን ተበታትኖ አሸዋ ውስጥ ይጠፋል። በበጋ ሰው በእግሩ የሚያቋርጠው ደረቅ አሸዋ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ግን ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ፣ ከእርሻና ከተራቆተ ቁልቁለት የታጠበ አፈር ተሸክሞ በሌሊት ከች ይላል።

ጣጣውን የሚያመጣው አፈሩ ነው። ሜዳ ላይ እንደልቡ የሚሄድ ወንዝ አልጋው በደለል ሲሞላበት ዝቅ ወዳለው ቦታ ይዞራል። ከሰላ ላይ ግን ግራና ቀኙ ቤት ነው፤ ዳርና ዳሩ ተክቦ መሄጃው ተወስኖበታል። መዞሪያ ያጣ ወንዝ አፈሩን እዚያው አልጋው ላይ ይጥላል። አልጋው ከፍ ሲል ሰውም ካቡን ከፍ ያደርጋል፤ ለከርሞ ያው ነው። ዛሬ በአንዳንድ ቦታ የወንዙ ወለል ከከተማው መንገድ ይበልጣል። ካቡ አንድ ቦታ ከተሸነቆረ የወጣው ውሃ ወደ ወንዙ የሚመለስበት ቁልቁለት የለም።

ይህን ወንዝ የሚገራ መሥሪያ ቤት አለ፤ ሥራውም ስሙም የጋሽ ወንዝ መግሪያ ክፍል ነው። ዋናው መሣሪያው ከዳር ተነሥቶ ወደ ወንዙ ሆድ የሚዘልቅ አጭር የአፈርና የድንጋይ ክንድ ነው። ክንዱ ውሃውን አያግድም፤ ወደ መሐል ይገፋዋል። በሁለት ክንዶች መካከል የገባው ውሃ ጉልበቱ ይደክማል፤ ሲደክም ደለሉን ይጥላል። ክረምት በክረምት ላይ ሲደራረብ እዚያ መሐል አዲስ ዳር ይነሣል። ወንዙ ከተማውን ሊያጠፋበት ባመጣው አፈር የራሱን አጥር ይሠራል ማለት ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ብልሃት ብዙም አላውቅም።

የክንዱ ደካማ ቦታ ጫፉ ነው። ውሃው ጫፉን ሲዞር ይሽከረከርና ሥሩ ያለውን ደቃቅ አሸዋ ይፍቃል። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ክንዱ ከላይ ደህና መስሎ ይቆይና ከታች ይናዳል። ስለዚህ ጫፉ ግርጌ ትርፍ ድንጋይ ይነጠፋል፤ በሽቦ መረብ ታስሮ የሚቀመጥም አለ፣ ጋቢዮን የሚባለው። ጉድጓዱ በተቆፈረ ቁጥር ድንጋዩ እየተንሸራተተ ገብቶ ይደፍነዋል። ይህ ሁሉ የበጋ ሥራ ነው፤ በጀቱ ከዘገየ ሥራው ለከርሞ ይተላለፋል፣ ወንዙ ግን አይጠብቅም። ጎርፉ ከመጣ በኋላ የሚቀረው መሣሪያ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ነው። ሱዳኖች ናፊር ይባባላሉ፣ እንደ እኛ ደቦ፤ ሰፈሩ ወጥቶ ሌሊቱን ሲሞላና ሲከምር ያድራል።

ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ጆንያውም አልያዘውም። ጋሽ ዳሩን ሰብሮ ከተማው ውስጥ ገባና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤት አልባ አደረገ።

ስለ ጎርፍ ሲወራ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ሄሊኮፕተር ነው። ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካ ውስጥ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ፣ ከተማዋን ያሰጠማት በተለይ የቦዮቿ ግድግዳ መደርመስ ነበር። ከመቶ ሰማንያ እጇ ውሃ ውስጥ ገባ። የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎቹ በሄሊኮፕተርና በጀልባ ከ33,000 በላይ ሰው አወጡ። ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ጣሪያ ላይ ቆሞ ጨርቅ የሚያውለበልብ ሰውና ከላይ በገመድ የሚወርድ ቅርጫት ነው።

ያ ሥራ ግን ጣሪያ ይፈልጋል። ከሰላ ውስጥ ብዙው ቤት የጭቃ ጡብ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሰዓታት የቆመ የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ይሟሟል፣ ጣሪያውም አብሮ ይወርዳል። ወጥቶ የሚጠብቅበት የሌለው ሰው የሚድነው ቀድሞ ከሸሸ ብቻ ነው። የሳር ጎጆና ድንኳን ባለበት ደግሞ የሄሊኮፕተሩ የክንፍ ነፋስ ራሱ የቀረውን ይበትነዋል።

ሩቅ መሄድም አያሻም። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ደርሶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ሄሊኮፕተር ለመጥራት እንኳ ጊዜ አልነበረም። ቀናት ቆይቶ ኦሞ ሞልቶ ዳሰነቾች በውሃ ሲከበቡ ግን ሄሊኮፕተርም ጀልባም ተልኮ ብዙዎችን አውጥቷል፤ ያም ሆኖ የሞተው 364 ሰው እንደነበር በወቅቱ ተነግሯል። ሄሊኮፕተር የሚደርሰው ቀስ ብሎ ለሚሞላ ውሃ ነው። ጋሽ ጠባዩ የደቻቱ ነው።

ቀይ ባሕር ዳር ያለችው ፖርት ሱዳንም ይህንኑ አይታለች። የባሕር ጠረፍ ከተማ አደጋዋ ከባሕር ይመጣል ይባላል፤ እሷን የመታት ከበስተኋላዋ ነው። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የአርባዓት ግድብ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተደረመሰ። መንደሮች ተጠርገው ብዙ ሰው ሞተ፤ ሌላው ወደ ተራራ ሸሽቶ እዚያው ተከበበ። 25 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዝ የነበረው ግድብ የከተማዋ ዋነኛ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር። በሱዳን ጦርነት ምክንያት መንግሥት ከካርቱም መጥቶ ተቀምጦባት የነበረችው፣ ተፈናቃይ የሞላባት ከተማ፣ ጎርፍ አልፎባት ሳያበቃ የምትጠጣው ቸገራት።

ከሰላም ያለ ጋሽ አትጠጣም። የጉድጓዶቿ ውሃ በክረምት ከወንዙ አልጋ ሰርጎ የገባው ነው፤ ሙዙ፣ ማንጎው፣ ሎሚውና ሽንኩርቱ ሁሉ ከዚያ ይቀዳለታል። በስተሰሜን ያለው ደልታ ደግሞ እንግሊዞች በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥጥ ያስተከሉበት ነው፤ የባቡር ሐዲዱም በ1924 (እ.ኤ.አ.) ከሰላ ገብቷል። ዛሬ በብዛት የሚዘራው ማሽላ ነው። ገበሬው ጎርፉን በቦይ ጠልፎ ማሳው ላይ ለሳምንታት ያስተኛዋል፤ ውሃው ሲሰርግ ይዘራል፣ ሰብሉም አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ ከተማው "ይቅለል" ብሎ የሚጸልይበትን ወንዝ ገበሬው "ይሙላ" ይለዋል። አሁን አሁን ሁለቱን የሚያስማማቸው ጠላት፣ አፋርን የወረረው ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ ነው፤ ቦዩ ውስጥ በቅሎ ደለሉን ይይዛል፣ ውሃውንም ያስቀራል።

ከከሰላ በላይ ኤል ጌራ ላይ የወንዙ ከፍታ ይለካል። እዚያ የታየው ሙላት ከተማው እስኪደርስ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ማወቅ የሚቻለው ድንበር ተሻግሮ፣ ኤርትራ ደጋ ላይና በአድዋና በራማ ቁልቁለቶች ስንት እንደዘነበ በመጠየቅ ነው። የወንዙን አልጋ ከፍ የሚያደርገው አፈርም የሚነሣው ከዚያው ነው፤ እዚያ ላይ እርከን የያዘው አፈር ከሰላ አይደርስም።