ከሴት ክብር የሚገኝ ገንዘብ፦ የወሲብ ፊልም «ሙያ» መባሉ በሸሪዓ ሚዛን

መግቢያ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር መስጂዶችና መድረሳዎች የሚያስተምሩ ወንድሞች ዛሬ የሚቀርብላቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ ታላላቆቻችን በኪታብ እንጂ በገበያ አላገኙትም። ጥያቄው በሦስት መልክ ይመጣል። ወጣቱ «በስልኬ የማየው ነገር ፍርዱ ምንድን ነው?» ይላል። አባት ወይም እናት ደግሞ ድምፅ ዝቅ አድርገው «የልጃችን ምስል በሰው እጅ ገብቷል፤ ምን እናድርግ?» ይላሉ። ሦስተኛው የተማረው ተማሪ ነው፦ «ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት በፈቃዷ ገላዋን አሳይታ ገንዘብ ብታገኝ ማንን በደለች? እንደ ማንኛውም ሙያ ለምን አይታይም?»

ይህ ጽሑፍ የሚመልሰው ሦስተኛውን ነው። ለእርሱ የምንሰጠው መልስ ግን የቀሩትን ሁለቱን ይወስናል። የምናስረዳው ነጥብ አንድ ነው፦ ሸሪዓ ይህን ሥራ በሙያነት አይቀበልም፤ ይሁን እንጂ ክልከላው በቅድሚያ የሚያርፈው ከሴቲቱ በሚያተርፈውና በሚያየው ላይ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የዘነጋ ኹጥባ እውነት ተናግሮም ሊበድል ይችላል።

፩. የተቃራኒው ወገን ክርክር

ዑለማዎቻችን የተቃራኒን ማስረጃ ሳያሟሉ መልስ መስጠትን አይወዱም። የወሲብ ፊልም ሙያ ነው የሚሉት ሦስት ነገር ያቀርባሉ። አንደኛ፣ ገላው የባለቤቱ ነው፤ ፈቃድ ካለ በደል የለም። ሁለተኛ፣ ክፍያው ከቤት ሠራተኛነት ወይም ከቀን ሥራ ይበልጣል፤ ድሃ ሴትን ከዚህ መከልከል ድህነቷን ማጽናት ነው። ሦስተኛ፣ ሴቲቱን የሚያዋርዳት ሥራው ሳይሆን የኅብረተሰቡ ንቀት ነው።

ይህን የሚቃወሙት የሃይማኖት ሰዎች ብቻ እንዳልሆኑ መምህራን ማወቅ ይገባቸዋል። በአሜሪካ ለሴቶች መብት የሚሟገቱት ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ተከፍለዋል። አንድሪያ ድዎርኪንና የሕግ ምሁሯ ካትሪን ማኪነን እ.ኤ.አ. በ1983 ለሚኒያፖሊስ ከተማ ባረቀቁት ደንብ የወሲብ ምስልን በሴቶች ላይ የሚፈጸም አድልዎ አድርገው አቀረቡት። ተመሳሳዩን የኢንዲያናፖሊስ ደንብ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 የመናገር ነጻነትን ይነካል ብሎ ሻረው። ናዲን ስትሮሰንን የመሰሉ ሌሎች የሴቶች መብት ተሟጋቾችም ዕገዳውን ተቃውመዋል። ስለዚህ «ያዋርዳል ወይስ አያዋርድም?» የሚለው ክርክር የእስልምናና የምዕራቡ ዓለም ጠብ ተደርጎ መቅረብ የለበትም።

፪. የሱረቱ-ን-ኑር ቅደም ተከተል

ከሱረቱ-ን-ኑር 30ኛ እስከ 33ኛ ያሉትን አንቀጾች በተርታ ለሚያነብ ሰው ሥርዓታቸው ራሱ ትምህርት ነው። ዓይንን ስለ መስበር መጀመሪያ የታዘዙት ምእመናን ወንዶች ናቸው፤ የሴቶች ትእዛዝ ቀጥሎ ይመጣል። ከዚያ ኅብረተሰቡ ያላገቡትን እንዲድር ይታዘዛል፤ ድህነትም ለጋብቻ እንቅፋት እንዳይሆን ይነገረዋል። በመጨረሻም ጌቶች የዱንያን ጥቅም ፈልገው ሴት ባሪያዎቻቸውን ወደ ዝሙት እንዳያስገድዱ ይከለከላሉ።

ጃቢር (ረ.ዐ.) በሙስሊም ዘገባ እንዳስተላለፉት ይህ የመጨረሻው ክልከላ የወረደው የመዲና ሙናፊቆች አለቃ በነበረው በዐብዱላህ ኢብን ኡበይ ምክንያት ነው። ሰውየው ሙሰይካና ኡመይማ የሚባሉ ሁለት ሴቶችን ለዚህ ሥራ ያስገድዳቸው ነበር፤ እነርሱም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቤት አሉ። የሁለቱ ሴቶች ስም በሐዲሥ ኪታብ ተጠብቆ የኖረው በአቤቱታቸው ነው።

ከዚህ አንቀጽ ሦስት ፍሬ ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ ክልከላው የተነገረው ለሚያተርፈው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ መነሻው ገንዘብ መሆኑን አንቀጹ በግልጽ ያነሣል። ሦስተኛ፣ አንቀጹ የሚዘጋው በአላህ መሓሪነትና አዛኝነት ሲሆን፣ ብዙ ሙፈሲሮች ምሕረቱ ለተገደዱት ሴቶች እንጂ ለአስገዳጁ እንዳልሆነ አስረድተዋል። ሴቶቹ ጥብቅነትን ከፈለጉ የሚለው ቃልም፣ ካልፈለጉ ይፈቀዳል ማለት አይደለም፤ የነበረውን ሁኔታ የሚገልጽ ነው።

የገንዘቡን ፍርድ በተመለከተ፣ አቡ መስዑድ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በተስማሙበት ሐዲሥ ነቢዩ የዝሙትን ዋጋ ከልክለዋል። ፉቀሃእም በኢጃራ ምዕራፍ የሚከራየው ጥቅም የተፈቀደ መሆኑን መስፈርት ያደርጋሉ። ሁለት ወገኖች በሐራም ጥቅም ላይ ቢስማሙ ስምምነታቸው ውሉን አያጸናውም። ወለድም በሰጪና በተቀባይ ፈቃድ ሐላል አይሆንም። «ፈቅዳለች» የሚለው ክርክር የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

፫. ምስል ከድርጊቱ በምን ይለያል?

ዚና የተሠወረ ኃጢአት ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ተውባ ሲያደርግ በእርሱና በጌታው መካከል ይዘጋል። ምስል ግን ባለቤቱ ከተጸጸተች በኋላም ይዞራል። ይህን ጠባዩን የሚነኩ ሁለት ሐዲሦች አሉ። በቡኻሪ ዘገባ፣ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ አንዲት ሴት የሌላዋን ሴት ገላ ለባሏ እርሱ የሚያያት እስኪመስል ድረስ እንዳትገልጽ ተከልክሏል። በቃል የተሣለ ሥዕል ይህን ያህል ከተከለከለ በካሜራ የተቀረጸው እንዴት ይሆናል? ሁለተኛው አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት የሙስሊም ዘገባ ነው፤ ከሚስቱ ጋር የሆነውን ምስጢር የሚያወጣ ባል በትንሣኤ ቀን ከክፉዎቹ ተርታ እንደሚቆም ይነግረናል። በሐላል ያየውን የሚያወጣ ባል እንዲህ ከተባለ፣ የእጮኛውን ወይም የቀድሞ ሚስቱን ምስል ለቂም የሚበትን ሰው የት ሊቆም ነው?

እንግዲህ ተመልካቹ «እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ማንንም አልነካሁም» ሊል አይችልም። ገዢ ከሌለ ገበያ አይቆምም። ክፍያው ከኪሱ ባይወጣም ጊዜው በማስታወቂያ ይሸጣል፤ ምስሉን ለጓደኛው ሲልክ ደግሞ ራሱ አሰራጭ ሆነ። ሱረቱ-ን-ኑር በ19ኛው አንቀጽ የሚያስጠነቅቀው ብልግና በምእመናን መካከል እንዲስፋፋ የሚወዱትን ነው።

፬. ችግር የወለደው ፈቃድ

ወሎ ለዚህ ጥያቄ ባዕድ አይደለችም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ፣ ኋላም በ1977ቱ ድርቅ፣ ከደሴ በመርሳና በወልድያ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ ዳር የሰው ልጅ በረሃብ ሲወድቅ የዐይን ምስክር የነበሩ ሽማግሎችና እናቶች ዛሬም አሉ። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮም ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን ለወራት ይዟል። የሀብሩ ቤተሰብ ልጁን ወደ ዐረብ አገር የሚሸኘው አማርጦ እንዳልሆነ እናውቃለን። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ባዶ እጃቸውን የመጡት ብዙ ነበሩ። የተራበ ሰው «እሺ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ከዚህ ምድር ሕዝብ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሸሪዓም ያውቀዋል። በቡኻሪና በሙስሊም የሚገኘው የሦስቱ የዋሻ ሰዎች ታሪክ ለዚህ ይጠቅሰናል። አንደኛው ሰው የአጎቱን ልጅ ቢወዳትም እምቢ ትለው ነበር፤ የድርቅ ዓመት ሲያገኛት ግን ወደ እርሱ መጣች። በአንዱ ዘገባ 120 ዲናር ሰጣት። በመጨረሻው ሰዓት አላህን ፍራ ባለችው ጊዜ ተነሥቶ ተዋት፤ ወርቁንም አልወሰደባትም። ይህን ሐዲሥ ስለ ወንዱ ጥብቅነት ብቻ ማስተማር ለምደናል። ነገር ግን የሴቲቱን ንግግር እናጢን። በእግሯ መጥታለች፤ ገንዘቡንም ተቀብላለች፤ ዘመናዊው ተከራካሪ «ፈቅዳለች» ይላል። ቃሏ ግን ድርቁ ያመጣት ልቧ ሳይፈቅድ እንደነበር ገለጠ። የሰውየውም መልካም ሥራ መተዉ ብቻ አይደለም፤ ዋጋ ሳይጠይቅ መርዳቱም ጭምር ነው።

በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን የተዘገበውም ከዚህ ይቀራረባል። ጥም ያስጨነቃት ሴት ከአንድ እረኛ ውሃ ብትለምን ገላዋን ካልሰጠችው እንደማያጠጣት ነገራት። ነገሯ ዑመር ዘንድ ሲቀርብ ዐሊይን (ረ.ዐ.) አማከሩ፤ ዐሊይም የተገደደች ናት አሉ፤ ተለቀቀች። ኢብን ቁዳማና ኢብኑ-ል-ቀይም ይህን ጠቅሰውታል። ይህ ማለት ድህነት ሁሉ ሐራምን ይፈቅዳል ማለት አይደለም፤ ፉቀሃእ ለግዴታ መስፈርት አላቸው። ነገር ግን ዳኛ ከመፍረዱ በፊት ውሃው በማን እጅ እንደነበር መጠየቅ አለበት።

ማታለልም ከማስገደድ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ አንድ ዳኛ ለ22 ሴቶች 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሣ ፈርዷል። ሴቶቹ የመጡት የሞዴልነት ማስታወቂያ አይተው ነበር፤ ፊልሙም በኢንተርኔት እንደማይወጣ ተነግሯቸው ነበር። ወጣ። ሕግና ፍርድ ቤት በጸናበት አገር፣ ውል በተፈረመበት ሥራ እንዲህ ከሆነ፣ የደላላን የቃል ተስፋ አምና ከመርሳ ለምትነሣ ልጅ «ሙያ ነው» ብሎ መምከር አማና ይሆናልን?

፭. የአገሪቱ ሕግ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 640 የብልግና ምስሎችንና ፊልሞችን ማዘጋጀትና ማሰራጨትን ይከለክላል። አንቀጽ 634 ደግሞ በሌላው ሰው ዝሙት የሚጠቀመውን ይቀጣል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን በሚመለከት የተለየ ድንጋጌ አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ዜጋ መተዳደሪያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ቢናገርም፣ ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የሰውን ክብር ይጠብቃል። መምህሩ ልብ ሊለው የሚገባው፣ አንቀጽ 634 ጣቱን የሚቀስረው በአትራፊው ላይ መሆኑን ነው፤ በዚህም ከሱረቱ-ን-ኑር አቅጣጫ ጋር ይገናኛል።

፮. ለኢማሞችና ለመምህራን

«ያዋርዳል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ሁለት ክፍል አለው። ሥራው ሴትን ያዋርዳል፤ ምክንያቱም ሰውን ከማንነቱ ለይቶ በዋጋ የሚታይ ገላ ያደርገዋል። ነገር ግን በሱረቱ-ል-ኢስራእ 70ኛው አንቀጽ ለአደም ልጆች የተሰጠው ክብር የአላህ ስጦታ ስለሆነ ሰው ሊነጥቀው አይችልም። ስለዚህ በሚንበራችን «ክብሯን ያጣች» ማለትን ትተን «ክብሯ የተደፈረ» ብንል ለእውነቱ እንቀርባለን። የተቃራኒው ወገን ሦስተኛ ክርክር የያዘውን እውነት መቀበል ያለብንም እዚህ ላይ ነው፤ ንቀት ራሱ በደል ነው። የንቀቱ መድኃኒት ግን ሴቲቱን ማክበር እንጂ ገበያውን ማክበር አይደለም።

ከዚህ አምስት ተግባራዊ ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ ኹጥባው በሱረቱ ቅደም ተከተል ይሂድ፤ ስለ ሴት ልብስ ከመናገር በፊት ስለ ወንድ ዓይንና ስልክ ይናገር።

ሁለተኛ፣ ምስል አራት ምስክር አይደለም። በዛሬው ዘመን የማንም ፊት በማንም ገላ ላይ በኮምፒዩተር ይገጠማል። በምስል ተነሥቶ ሴትን በዝሙት የሚወነጅል በሱረቱ-ን-ኑር 4ኛው አንቀጽ ከተነገረው የቀዝፍ ቅጣት ሥር እንዳይገባ ይፍራ።

ሦስተኛ፣ ቤተሰብ አቤት ሲል ኢማሙ ምስሉን «አሳዩኝ» አይበል፤ ዝርዝርም አይጠይቅ። መሸፈን የሐዲሥ ትእዛዝ ነው። በምስሉ የሚያስፈራራና ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ግን መሸፈን ማለት ዝም ማለት አይደለም፤ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ፖሊስ መሄድ ተበዳይን መርዳት ነው። ልጅቱን ቤት መዝጋት ወይም ለመሰወር ሲባል በችኮላ መዳር ሁለተኛ በደል ይሆናል።

አራተኛ፣ ከዚህ ሥራ ለወጣች ሴት የተውባ በር ክፍት መሆኑ በተግባር ይታይ። በእጇ ስለቀረው ገንዘብ በዑለማዎች መካከል ልዩነት አለ። ኢብን ተይሚያና ኢብኑ-ል-ቀይም ተውባ ያደረገች ድሃ ሴት ከገንዘቡ የሚያስፈልጋትን ያህል እንድትወስድ፣ የተረፈውንም በሰደቃ እንድታወጣ መንገድ ከፍተዋል። ይህን አስተያየት ማወቅ ለኢማሙ ይጠቅመዋል፤ «ሁሉን ጥለሽ ነይ» የተባለች ችግረኛ ወደ ተወችው ልትመለስ ትችላለችና።

አምስተኛ፣ ሱረቱ-ን-ኑር ከክልከላው በፊት ጋብቻን ማቅለልን እንዳዘዘ አይዘንጋ። መህርን ያስወደደ፣ ዘካን በአግባቡ ያላከፋፈለ፣ ከስደት ተመላሽ ልጁን ከደጁ የመለሰ ጀመዓ ደላላውን ብቻ ቢረግም ድርሻውን አልተወጣም።

መደምደሚያ

«ሙያ ነው» የሚለውን ቃል የምንቃወመው ሴቲቱን ስለናቅናት አይደለም። ቃሉ የአስገዳጁን፣ የአታላዩንና የተመልካቹን ድርሻ ሸፍኖ ነገሩን ሁሉ በእርሷ ፈቃድ ላይ ስለሚጥል ነው። «ጥፋቱ የእርሷ ነው» የሚለው የእኛ ሰው ንግግርም ያንኑ ሸክም ያንኑ ቦታ ይጥለዋል። ሙሰይካና ኡመይማ ወደ ነቢዩ ሲመጡ ያገኙት የሚሰማ ጆሮ ነበር፤ ወሕይም በአትራፊያቸው ላይ ወረደ። የመርሳ ወይም የወልድያ ልጅ ወደ መስጂዳችን በር ብትመጣ ያንኑ ጆሮ ማግኘት ይገባታል። አላህ የተሻለ ያውቃል።