የጆሴፍ ፒትስ ምስክርነት፦ የእንግሊዝ መንገደኞች ስለ ሙስሊሞች አገር የጻፉትን እንዴት እንመዝን?

አውሮፓውያን መንገደኞች ስለ ሙስሊሞች አገር የጻፉትን ስናገኝ አብዛኞቻችን ከሁለት አንዱን እናደርጋለን፤ ወይ የጠላት ወሬ ነው ብለን እንጥለዋለን፣ ወይ እኛን ያመሰገነበትን ገጽ ብቻ መርጠን በኹጥባ እንጠቅሰዋለን። ሁለቱም በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ የታዘዝነውን ማጣራት ያጓድላሉ።

ከሁሉ በፊት ጸሐፊው ያየ ነው ወይስ የሰማ ብለን እንጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1603 ስለ ቱርኮች ታሪክ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ያሳተመው ሪቻርድ ኖልስ በሳንድዊች ከተማ የትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ የጻፈውም ከሌሎች መጻሕፍት ለቅሞ ነው። በገጾቹ ላይ የሚነበበው የኦስማን ጦር በአውሮፓ ላይ ያሳደረው ፍርሃት ነው። ሄንሪ ብላውንት ግን በ1634 ራሱ ተጓዘ። የቱርኮች አኗኗር እንደሚባለው አረመኔነት ነው ወይስ ከራሱ ወገኖች የተለየ ሌላ ሥልጣኔ የሚለውን በዓይኑ ሊመረምር እንደሄደ ጽፏል። በዚያን ዘመን እንግሊዞች ወደ ኦስማን ምድር የሚገቡት እንደ ነጋዴ፣ እንደ መልእክተኛ ወይም እንደ ምርኮኛ እንጂ እንደ ገዢ አልነበረም። የኋለኛውን የቅኝ ግዛት ዘመን ትዕቢት በእነዚህ ሰዎች ላይ መጫን ስለዚህ ስሕተት ነው።

የኤክሰተሩ ጆሴፍ ፒትስ ከምርኮኞቹ አንዱ ነው። በ1678 ገና የ15 ዓመት ልጅ ገደማ ሳለ የአልጀርስ የባሕር ዘማቾች መርከቡን ያዙና በባርነት ተሸጠ። ሦስተኛው አሳዳሪው ወደ መካ ይዞት ሄደ። በ1704 ያሳተመው መጽሐፍ እስከሚታወቀው ድረስ ሐጅን በዓይኑ ያየ እንግሊዛዊ የጻፈው የመጀመሪያው ዝርዝር ዘገባ ነው።

ፒትስ እስልምናን ይነቅፋል፤ ስለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተናገረው ለማንበብ የሚከብድ ነው። ያየውን ሲናገር ግን ይጠነቀቃል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሬሳ ሣጥን በማግኔት ኃይል በአየር ላይ ተንጠልጥሏል የሚለው ተረት በአውሮፓ ለዘመናት ሲወራ ኖሯል፤ ፒትስ ሐሰት መሆኑን ለወገኖቹ ነገራቸው። በአንጻሩ የመካ እርግቦች በከዕባ ላይ አይበሩም ሲባል ሰምቶ፣ እርሱ ራሱ ደጋግሞ ሲበሩ እንዳየ ጽፏል። ለወገኖቹም ለእኛም ተረት አላደላም። የሐጃጆችን ለቅሶና ትሕትና ባየ ጊዜ ደግሞ እንባውን ለመግታት እንደተቸገረ ይናገራል፤ ወዲያውም እምነታቸውን ዕውር ብሎ ይነቅፋል። ዓይኑና ፍርዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተለያይተው ይታያሉ።

ሙሐዲሶቻችን ይህን ልዩነት ያውቁታል። ኢማም አል ቡኻሪ የኸዋሪጅ ወገን ከነበረው ከዒምራን ኢብን ሒጣን ዘግበዋል፤ የሰውየው አቋም ሌላ፣ በዘገባው እውነተኛ መሆኑ ሌላ ነውና። እርግጥ ሐዲስን ሙስሊም ካልሆነ ሰው አንቀበልም። የምንናገረው ስለ ታሪክ ዜና ነው፤ በዚያም ቢሆን ሚዛኑ ይጠቅመናል።

ሚዛኑ ግን እኛንም ይይዘናል። ፒትስ እስልምናን እንዲቀበል ሁለተኛው አሳዳሪው ውስጥ እግሩን እየገረፈ እንዳስገደደው ጽፏል። የማግኔቱን ተረት ስላፈረሰ «ታማኝ ነው» ያልን ሰዎች እዚህ ገጽ ላይ ስንደርስ «ውሸታም ነው» ማለት አንችልም። በሱረቱል በቀራህ 256ኛ አንቀጽ የተከለከለውን ነገር አንድ ሙስሊም ነኝ ባይ ፈጽሞታል፤ ጥፋቱ የአድራጊው ነው፣ መሸሸጉ ግን የእኛ ይሆናል።

መንገደኛው ሊደርስበት የማይችል ስፍራ መኖሩንም እናስተውል። ወንዶቹ ስለ ሙስሊም ሴቶች ብዙ ጽፈዋል፤ ከሴቶቹ ጋር ግን አልተቀመጡም። ሌዲ ሜሪ ሞንታጉ በ1717 በሶፍያ የሴቶች ሐማም ከገባች በኋላ፣ ከእርሷ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎች ያላዩትን እንዳዩ አድርገው መጻፋቸውን በደብዳቤዎቿ ተሳልቃበታለች።

ፒትስን ለደረሳዎች የምናስተምር ከሆነ የግርፋቱን ገጽ ከሐጁ ገጽ ጋር እናንብብላቸው፤ የሦስተኛውንም አሳዳሪ ገጽ እንጨምር። ሽማግሌው በመካ ነጻነቱን ሰጠው፤ እንደ ልጁም ያየው ነበር። ፒትስ ይህን ሰው እንደሚወደው፣ ከእርሱ ጋር ለመቅረትም ልቡ እንደተፈተነ ሳይሸሽግ ጽፏል።