የተገዛ ቡችላ ወይም በሬ በቀናት ውስጥ ቢሞት ሕጉ ምን ይላል?

በከተማ ለቤት ጥበቃ የተገዛ ቡችላ በማግስቱ ምግብ እምቢ ይላል፤ ያስመልሰዋል፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ሳምንት ሳይሞላውም ይሞታል። በገጠር ደግሞ ለእርሻ የተገዛ በሬ ቀንበር ሳይነካው ይወድቃል። ሻጩ "ከእኔ እጅ ሲወጣ ጤነኛ ነበር" ይላል። ገዥውም "ዕድሌ ነው" ብሎ ገንዘቡን ይተዋል። ሕጉ ግን ጉዳዩን ለዕድል አልተወውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንስሳትን እንደ ተንቀሳቃሽ ንብረት ይመለከታል። ስለሆነም የሽያጭ ውል ድንጋጌዎች ለበሬም ሆነ ለቡችላ ያገለግላሉ። በሕጉ ቁጥር 2287 መሠረት ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስትና የመስጠት ግዴታ አለበት።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ሞት ሻጩን ተጠያቂ አያደርግም። ዋናው ጥያቄ በሽታው መቼ ጀመረ የሚለው ነው። ከርክክብ በኋላ ለሚደርስ አደጋ ኃላፊው ገዥው ነው። እንስሳው ሲሸጥ በሽታውን ይዞ ከነበረ ግን፣ ምልክቱ በገዥው ቤት ቢታይም እንኳ፣ ተጠያቂው ሻጩ ነው። ለምሳሌ ቡችላዎችን የሚገድለው የፓርቮ ቫይረስ ምልክት የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ በተያዙ ከ3 እስከ 7 ቀናት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በተገዛ ማግስት የታመመ ቡችላ በሽታውን ይዞ እንደመጣ ይገመታል፤ በሦስተኛው ሳምንት የታመመው ግን በገዥው ቤት ተይዞ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመለየት የእንስሳት ሐኪም ምርመራ ያስፈልጋል። ምልክት እንደታየ እንስሳውን ወደ ክሊኒክ መውሰድ፣ ከሞተም ከመቀበሩ በፊት ባለሙያ ጠርቶ ውጤቱን በጽሑፍ መቀበል ይገባል። በድንገት የሞተን ከብት፣ በተለይ ከአፍና ከአፍንጫው ደም ከፈሰሰ፣ ቆዳውን መግፈፍም ሆነ ሥጋውን መብላት አይገባም፤ አባ ሰንጋ ከሆነ ለቤተሰቡ ሕይወት አስጊ ነው። ቡችላው ከመሞቱ በፊት ሰው ነክሶ ከሆነም የእብድ ውሻ በሽታ ስለሚያሰጋ የተነከሰው ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ሕጉ በገዥው ላይም ግዴታ ይጥላል። ገዥው የተረከበውን እንስሳ ወዲያውኑ መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ምንነቱን ገልጾ ለሻጩ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። ሲገዛ ያወቀውን ወይም በግልጽ ይታይ የነበረን ጉድለት በኋላ ምክንያት ሊያደርግ አይችልም። በአንጻሩ ሻጩ በሽታውን በተንኮል ከደበቀ "እንዳለ ሽጫለሁ፤ አልጠየቅም" የሚል የውል ቃል አያድነውም። ድርጊቱ በወንጀል ሕጉ የማታለል ወንጀል ሆኖ ሊያስጠይቀውም ይችላል።

ገዥው ውሉ እንዲፈርስ፣ የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለትና ለሕክምና ያወጣው ወጪ እንዲካስለት መጠየቅ ይችላል። ሻጩ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ ምትክ ወይም ገንዘቡን እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። በሽማግሌ መስማማት ካልተቻለ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በዋስትናው ላይ የተመሠረተ ክስ ለሻጩ ካስታወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

የእንስሳት ሽያጭ በቃልም ይጸናል፤ ሻጩ ሲክድ ግን ማስረዳት የገዥው ፈንታ ነው። ስለዚህ በገበያው ላይ የነበሩ ምስክሮችንና ደላላውን ማወቅ፣ ደረሰኝ ካለ መያዝ ይጠቅማል። ከሁሉም የሚሻለው ገንዘብ ከመቁጠር በፊት የእንስሳውን ዕድሜና መልክ፣ የክትባቱን ጊዜ፣ ዋጋውንና ቀኑን በአንዲት ወረቀት ላይ አስፍሮ በምስክሮች ፊት መፈራረም ነው።